የቅዳሜው ጋዜጣ የቸኮሌት መስቀለኛ ቃላት፦ ብረት ቀጥቃጩ ማን ነው?

ልብስ ሰፊዋ፣ ከዓለም ገና

ሰላም ለሁላችሁ። የቅዳሜው ጋዜጣ በእጃችሁ ካለ የመጨረሻውን ገጽ አውጡልኝ። የዚህ ሳምንት መስቀለኛ ቃላት ከዳር እስከ ዳር ስለ ቸኮሌትና ስለሚሠራበት ፍሬ ስለ ካካዎ ነው። እዚህ ዓለም ገና ጋዜጣ የሚደርሰኝ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ደንበኛዬ የሆነ የታክሲ ሹፌር ከአየር ጤና ይዞልኝ ይመጣል። ከጎረቤቴ ከጡረተኛው መምህር ጋር በልብስ ስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እስኪመሽ ድረስ አብዛኛውን ሞላነው። ሦስት ቃላት ግን እምቢ ብለውናል።

የሞላነው እንዲህ ነው። «ከዓለም አገሮች ሁሉ የበለጠ ካካዎ የምታመርት»፣ ወደ ታች፣ አምስት ሳጥን። መምህሩ አይቮሪኮስት ናት አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ነገር ግን ስሟ እንደዚያ ሲጻፍ ሰባት ሳጥን ይፈጃል። «ኮትዲቯር» ብለን ስንጽፈው በትክክል ገባ፤ የመጀመሪያዋ «ኮ» ከ«ቸኮሌት» ሁለተኛ ፊደል ጋር ተገናኘች። በመጨረሻዋ «ር» ላይ ደግሞ በ1875 የወተት ቸኮሌትን የሠራው ስዊዘርላንዳዊ «ዳንኤል ፒተር» ከጎን መጥቶ አረፈባት። (ዓመቶቹን ጋዜጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፈው።)

የቀሩት እነዚህ ናቸው። 1 ወደ ጎን፦ «ካካዎን ለጋና ያስተዋወቀ ብረት ቀጥቃጭ»፣ አምስት ሳጥን። 1 ወደ ታች፦ «በካካዎ ውስጥ የሚገኝ፣ ውሻን የሚመርዝ ንጥረ ነገር»፣ ስድስት ሳጥን። 9 ወደ ጎን፦ «አዝቴኮች የካካዎን ፍሬ ለዚህም ይጠቀሙበት ነበር»፣ አራት ሳጥን፤ የመጨረሻ ፊደሉ በ1 ወደ ታች ሦስተኛ ሳጥን ላይ ይወድቃል። (አዝቴኮች የጥንት ሜክሲኮ ሕዝብ ናቸው።) «ምግብ» ብንል ሦስት ነው፣ «መድኃኒት» ብንል አምስት።

ለሁለቱ ፍንጭ ብቻ ስጡኝ፤ ራሴ ልድረስበት። የብረት ቀጥቃጩን ግን ስሙንም ሥራውንም ንገሩኝ። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻና ማጭድ ሲሠራ ወናፍ እየነፋሁለት ነው ያደግሁት። ገበሬው ሁሉ የሚያርሰው እርሱ በሠራው ብረት ነበር፤ በስሙ የሚጠራው ሰው ግን ጥቂት ነው፣ ሌላው «ቀጥቃጩ» ብሎ ያልፋል፤ ከዚያም የከፋ የሚል ነበር። አሁን ጋዜጣ ላይ አንድ ቀጥቃጭ ላገሩ ይህን ያህል አደረገ ተብሎ ሳነብ ስሙን በግምት መሙላት አልፈልግም።

መምህር ነኝ፣ ከቡራዩ

ሰላም እህቴ። እኔ ለትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ መስቀለኛ ቃላት አዘጋጃለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን ከአዘጋጁ ወገን ሆኜ ልንገርዎ። በእኛ ፊደል አንድ ሳጥን ተነባቢውን ከነአናባቢው ነው የሚይዘው። «ቤ» እና «ብ» ከአንድ ቤተሰብ ቢሆኑም አይተላለፉም። በዚህ ምክንያት አዘጋጅ ሁልጊዜ ሳድስ ፊደል ያለበትን ቃል ያድናል፤ «ት»፣ «ን»፣ «ር»፣ «ብ» ብዙ ቃል ውስጥ ስለሚገኙ ማገናኛ ይሆናሉ። የሞላችሁት «ኮትዲቯር» በ«ር» የተያያዘውም ለዚህ ነው። በ9 ወደ ጎን መጨረሻ ላይም ሳድስ ይፈልጉ።

ፍንጬ ይህ ነው፦ በእኛ አገር አሞሌ ጨው በገበያ ይሠራው የነበረውን ሥራ ያስቡ።

የውሻውን ደግሞ ከዛፉ የሳይንስ ስም ይነሡ። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 ለካካዎ ዛፍ ስም ሲያወጣ በግሪክኛ «የአማልክት ምግብ» ብሎ ጠራው፤ ንጥረ ነገሩም ስሙን ከዛፉ ወሰደ። ቴዎድሮስና ቴዎፍሎስ በሚጀምሩበት ይጀምራል። ውሻ ይህን ንጥረ ነገር ከሰውነቱ የሚያስወግደው በጣም በዝግታ ስለሆነ ይጎዳዋል፤ ጥቁሩ ቸኮሌት ደግሞ ከወተቱ ይብሳል። ልጆች ለውሻ እንዳይሰጡ ይንገሯቸው።

መንገደኛው

እትዬ፣ የብረት ቀጥቃጩ ስም ቴቴ ኳርሺ ነው። ቴ፣ ቴ፣ ኳ፣ ር፣ ሺ፦ አምስት ሳጥን። ለሥራ አክራ ሄጄ በስሙ የተሰየመውን ትልቅ የመኪና ማሳለጫ ደጋግሜ አልፌበታለሁ፤ ማን እንደሆነ የጠየቅሁትም እዚያው ነው።

የጋ ብሔረሰብ ተወላጅ ሲሆን የብረት ሥራ የተማረው ከስዊዘርላንድ በመጡ ሚሲዮናውያን፣ በባዝል ሚሲዮን ነው። በ1870ዎቹ በባሕር ተሻግሮ ፈርናንዶ ፖ ወደምትባል ደሴት ለሥራ ሄደ፤ ዛሬ ቢዮኮ ትባላለች፣ የኢኳቶሪያል ጊኒ ናት። ከዚያ ሲመለስ የካካዎ ፍሬ ይዞ መጣና ከአክራ በስተሰሜን ባለው ኮረብታማ አገር፣ ማምፖንግ ላይ ተከለ። ሚሲዮናውያኑም ከእርሱ በፊት ሞክረው ነበር፤ ወደ ገበሬው እጅ የገባው ግን ከእርሱ ማሳ እንደሆነ ነው ጋናውያን የሚናገሩት። ጎረቤቶቹ ዘር እየወሰዱ ተከሉ። በ1911 አገሪቱ፣ ያኔ ጎልድ ኮስት ትባል ነበር፣ በካካዎ ምርት ከዓለም አንደኛ ሆነች። እርሱ ግን በ1892 ሞቶ ስለነበር ይህን አላየም። ማምፖንግ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ሆስፒታልም አለ።

ኬክ ጋጋሪ፣ ሰበታ

ከዚሁ ጋዜጣ 14 ወደ ታችን ማንም አላነሣውም፤ «በነጭ ቸኮሌት ውስጥ ያለው የካካዎ ክፍል»፣ ሁለት ሳጥን። መልሱ «ቅቤ» ነው። የሆላንዱ ቫን ሃውተን በ1828 የካካዎን ቅቤ ከዱቄቱ ጨምቆ የሚለይበትን ዘዴ አስመዘገበ፤ በ1847 ደግሞ እንግሊዝ አገር የፍራይ ድርጅት ቅቤውን መልሶ ከካካዎና ከስኳር ጋር ቀላቅሎ የሚገመጥ ቸኮሌት አወጣ። በነጩ ውስጥ ከካካዎው ያለው ቅቤው ብቻ ነው፤ ከእርሱ ጋር ወተትና ስኳር ይገባበታል። የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ እውነተኛው ቸኮሌት አፍ ውስጥ ይሟሟል። ምላስ ላይ እንደ ሻማ የሚቀር ካጋጠማችሁ በአትክልት ዘይት የተሠራ ሳይሆን አይቀርም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ልብስ ሰፊዋ፣ ከዓለም ገና

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የአሞሌው ፍንጭ «ገንዘብ» ነው፤ «ብ» ሦስተኛው ሳጥን ላይ ስትገባ «ቴዎብሮሚን» ወዲያው ተከተለ። ጎረቤቴ መምህሩ በቴዎድሮስ ስም መድረሳችን በጣም ደስ አላቸው።

መንገደኛው ወንድሜ፣ የጻፍህልኝን ጮክ ብዬ ለወንድሞቼ በስልክ አነበብሁላቸው። የአንድ ቀጥቃጭ ስም በአደባባይና በሆስፒታል በር ላይ ተጽፏል ማለት ለእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ቴቴ ኳርሺን በእስክሪብቶ ጻፍሁት፤ ሌላውን ሁሉ በእርሳስ ነው የምሞላው።

የቡራዩው መምህር፣ አንድ ልመና አለኝ። ለተማሪዎችዎ ስለ ብረት ሥራ አንድ እንቆቅልሽ ያዘጋጁልኝ። ቃላቱን እኔ አቀርባለሁ፦ ወናፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ ከሰል፣ ማጭድ፣ ማረሻ። «መዶሻ» እና «ማረሻ» በመጨረሻዋ «ሻ» ይተላለፋሉ፤ ከዚያ ይጀምሩ።