«ተኝቼ ወጥቶልኛል»፦ የደሴ መናኸሪያው ክርክር

የሐረጎ ተሳፋሪ፦ ትናንት ንጋት ደሴ መናኸሪያ ያየሁትን ሳልናገር አላልፍም። ወደ ኮምቦልቻ ልንወጣ ስንል ትራፊክ ፖሊሱ ሹፌራችንን መሣሪያ አስነፋው። አልኮል አለብህ ብሎ አስወረደው። ሹፌሩ ምን አለ? «ማታ ነው የጠጣሁት፤ ተኝቼ ወጥቶልኛል።» ግማሹ ተሳፋሪ ለሹፌሩ ተከራከረ። ረፈደብን፣ ልቀቀው ይላል። እኔ ጋቢና ነበርኩ። ትንፋሹ ይሸተኝ ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት በዚያ ጉም ልንወርድ ነበር እኮ!

መሪ ጨባጭ፦ ሹፌሩ እኔ ነኝ። በሌለሁበት ከምታሙኝ እዚሁ ጠይቁኝ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኛሁ፣ 11 ሰዓት ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ፣ ሁለት ስኒ ቡና ጠጣሁ። አልተንገዳገድኩም፣ አልተኮላተፍኩም። ሐረጎን 18 ዓመት ወጥቼ ወርጄበታለሁ። ምን አጠፋሁ?

ላብራቶሪ ቤት፦ «ተኝቼ ወጥቶልኛል» ያልከው ነው ጥፋቱ። አልኮልን ከደም የሚያወጣው ጉበት እንጂ እንቅልፍ አይደለም። ጉበት ደግሞ አይቸኩልም። ከአንድ ሊትር ደም በሰዓት የሚቀንሰው 0.15 ግራም ገደማ ነው። ቡናው ያነቃሃል እንጂ አንዲት ጠብታ አያወጣልህም። ቀዝቃዛ ውሃውም እንደዚያው። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ ከደሙ እስኪወጣለት ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያነሰ ጊዜ ይፈጅበታል። ስምንት ጠርሙስ ከሆነ ከ14 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ማታ 2 ሰዓት የጀመረ ሰው እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ገና አልወጣለትም። አንተ ስንት ጠጣህ?

መሪ ጨባጭ፦ የሰው ገላ አንድ አይደለም። አባቴ አረቄ ሲጠጣ አምሽቶ ጠዋት በሬ ጠምዶ ያርስ ነበር።

እናት ከኩታበር፦ የአባትህ በሬ ሰው ጭኖ ቁልቁለት አይወርድም፣ ልጄ። መጠጥ ቤቴ ገብቶ አያውቅም፣ አልሐምዱሊላህ። ሁለት ልጆቼ ግን ኮምቦልቻ ነው የሚሠሩት። በየቀኑ በእናንተ መኪና ይመላለሳሉ። ስንት ጠጣህ ተብለሃል፣ መልስ።

የአራዳው፦ ዋናውን ነገር ትታችሁታል። ሹፌሮቻችንን የጨረሳቸው ጨብሲ ነው። ቀን ይቃማል። ማታ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። ጫቱ ስላነቃው ያልሰከረ ይመስለዋል። ስለዚህ ይጨምራል።

መሪ ጨባጭ፦ እኔ አልቅምም። የሌለብኝን አትለጥፍብኝ።

የአራዳው፦ አንተን አላልኩም። መናኸሪያውን ነው ያልኩት።

መሪ ጨባጭ፦ መናኸሪያው ማለት እኛ ነን።

የሐይቅ ልጅ፦ እኔ ከሹፌሩ ጎን ነኝ። ወንድሜ የአንድ ድርጅት የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ቅዳሜ ማታ ሰርግ ላይ ጠጣ። እሁድን ሙሉ ቤቱ ዋለ። ሰኞ ጠዋት ሽንት ተቀበሉትና «ተገኝቶብሃል» ብለው አባረሩት። ሦስት ልጆች አሉት። ሰኞ ዕለት ሰክሮ ነበር?

ላብራቶሪ ቤት፦ እሁድ ካልጠጣ አልሰከረም። ወንድምህ ላይ ግፍ ተሠርቷል፣ ይሄን በግልጽ እናገራለሁ። ያ ምርመራ ራሱን አልኮሉን ሳይሆን ጉበት ሲቀይረው የሚቀረውን ነገር ነው የሚፈልገው። ኢቲጂ ይሉታል። ብዙ የጠጣ ሰው ሽንት ላይ እስከ 3 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይገኛል። ፀጉር ላይ ደግሞ እስከ 90 ቀን ሊታይ ይችላል። መጠጣቱን እንጂ ሲነዳ የነበረበትን አይነግርህም።

መሪ ጨባጭ፦ አያችሁ! «ተገኘብህ» ማለት «ሰክረሃል» ማለት አይደለም። ባለሙያው ራሱ መሰከረልኝ።

ላብራቶሪ ቤት፦ አልመሰከርኩልህም። አንተን የያዘህ ትንፋሽ ነው። ትንፋሽ ላይ የሚገኘው በዚያች ሰዓት ደምህ ውስጥ የሚዞረው አልኮል ነው። የወንድሙን በደል አንተ መከለያ አታድርገው።

እናት ከኩታበር፦ አንድ ነገር ልጠይቅ። መውሊድ ላይ ቃሪቦ የጠጣ ሹፌርስ ሊያዝ ነው?

የአራዳው፦ ቃሪቦም እኮ እርሾ ገብቶበት ካደረ ይቦካል።

እናት ከኩታበር፦ የእኛን ቃሪቦ ከጠላ ጋር አትደባልቅ! አያቴ የጠመቀችውን ነው የምጠምቀው።

ላብራቶሪ ቤት፦ እትዬ፣ አይቆጡ። ካደረ ትንሽ ሊኖረው ይችላል። አሁን ጠጥተው ወዲያው ቢነፉ አፍ ውስጥ የቀረው መሣሪያውን ያሳስተዋል። 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና ማስነፋት ነው። የአፉ በዚያ ጊዜ ይጠፋል፣ የደሙ አይጠፋም።

መሪ ጨባጭ፦ እኔን 15 ደቂቃ ጠብቀው መቼ አስነፉኝ? አንዴ ነው ያስነፉኝ!

የሐረጎ ተሳፋሪ፦ ይሄን እቀበላለሁ። ሁለተኛ ሊያስነፉህ ይገባ ነበር። ግን ከ11 ሰዓት በኋላ ቡና እንጂ ቢራ አልጠጣሁም ብለሃል። አፍህ ውስጥ ምን ነበር ታዲያ?

የሐይቅ ልጅ፦ ሰውየውን ፍርድ ቤት አቆማችሁት። የዕለት እንጀራው እኮ ነው።

የሐረጎ ተሳፋሪ፦ የእኔም ነፍስ ናት። ከኋላዬ ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች። ስንት ጠጣህ?

መሪ ጨባጭ፦ ስድስት። ቢበዛ ሰባት። የእህቴ ልጅ ተመርቆ ነው። በየቀኑ አልጠጣም፣ ወላሂ።

ላብራቶሪ ቤት፦ ማታ 2 ሰዓት ከጀመርክ ስድስቱ የሚያልቀው ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ነው። ሰባተኛው ካለ እስከ 3 ሰዓት ይጠጋል። ስንት ሰዓት ጀመርክ?

መሪ ጨባጭ፦ ሰዓት ማን ያያል?

እናት ከኩታበር፦ የመነሻ ሰዓትህን ታየዋለህ እኮ፣ ልጄ።