የቀድሞ ባል በውክልና ወረቀቱ ላይ ስሙ ካለ በሕክምናዋ ላይ ይወስናል? (ቴክሳስ)

የደሴ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ሂውስተን ሆስፒታል ተኝታለች። ካንሰሩ ተሰራጭቷል። ለጊዜው ራሷን ታውቃለች፣ ትናገራለች፤ ሐኪሞቹ ግን ወደፊት መተንፈሻ ማሽን ላይ መሆን ትፈልግ እንደሆነ መጠየቅ ጀምረዋል። በ2016 የሕክምና ውክልና (ሜዲካል ፓወር ኦፍ አተርኒ) ስትፈርም ወኪል ያደረገችው ባሏን ነበር፤ የተለዋጭ ወኪል ቦታው ባዶ ነው። በ2022 በፍርድ ቤት ተፋተዋል። አሁን እሱ «ወረቀቱ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ» እያለ ነው። ልጆቿ የ22 ዓመት ሴትና የ16 ዓመት ወንድ ናቸው፤ እናታችን ደሴ ናት። እህቴ ራሷን ብትስት የማን ቃል ይሰማል? እኔስ ምን ሥልጣን አለኝ?

የሕግ_ረዳት_ዳላስ፦
እግዚአብሔር ይማርልሽ። እሱ አይወስንም። በቴክሳስ የጤናና ደኅንነት ሕግ ቁጥር 166.155 መሠረት ወኪሉ የትዳር ጓደኛ ከሆነ ትዳሩ በፍርድ ቤት በፈረሰበት ቀን ውክልናውም አብሮ ይሰረዛል። መሰረዣ ወረቀት መፈረም አያስፈልግም። አንድ ቀዳዳ ብቻ አለ፦ ሰነዱ ራሱ «ብንፋታም ወኪሌ ሆኖ ይቀጥል» የሚል ቃል ካለበት ይጸናል። ስለዚህ የ2016ቱን ወረቀት እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ በተለይ በእጅ የተጨመረ ነገር ካለ።

ችግር የሚመጣው ሕጉ ላይ ሳይሆን ፋይሉ ላይ ነው። የቆየው ውክልና ስካን ተደርጎ ከገባ፣ ሌሊት ተረኛው ሐኪም የሚያየው የእሱን ስም ነው፤ ፍቺው ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም። የፍቺውን ውሳኔ የተረጋገጠ ቅጂ ከዲስትሪክት ክለርክ (ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) አውጡና ለሶሻል ወርከሯ ስጡ፤ ውክልናው መሰረዙ በሕክምና መዝገቧ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ኢመርጀንሲ ኮንታክት ላይ ያለውንም ስም አስቀይሩ። እዚያ መጻፉ የመወሰን ሥልጣን አይሰጥም፤ ስልኩ መጀመሪያ የሚጮኸው ግን እሱ ጋ ነው። መረጃዋን እንዲያይ የፈረመችው የሂፓ (የሕክምና መረጃ ምስጢር ሕግ) ፈቃድ ካለ ያ ለብቻው ስለሆነ እሱንም በጽሑፍ ትሻር።

ወኪል ከሌለ፣ ፍርድ ቤት የሾመው ሞግዚት ከሌለና የራሷ የጽሑፍ መመሪያም ከሌለ ቁጥር 166.039 ተራውን ያስቀምጣል፦ የትዳር ጓደኛ፣ ቀጥሎ በቅርብ ሊገኙ የሚችሉ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች፣ ቀጥሎ ወላጆች፣ በመጨረሻ የቅርብ ዘመድ። የቀድሞ ባል በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። በእናንተ ሁኔታ ከሐኪሙ ጋር የምትወስነው የ22 ዓመቷ ልጅ ናት። የ16 ዓመቱ ገና ስለሆነ አይቆጠርም፤ አባቱም «በልጄ ስም» ብሎ ሊገባ አይችልም። አንቺ የምትመጪው ከእናትሽም በኋላ ነው። አልጋው አጠገብ ውለሽ ማደርሽ ተራሽን አያሻሽለውም።

በዝርዝሩ ካሉት ሰዎች አንዱ ውሳኔውን ልቃወም ካለ መንገዱ ጊዜያዊ ሞግዚትነት ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ማመልከት ነው እንጂ ኮሪደር ላይ መጨቃጨቅ አይደለም።

ነርስ_ጋርላንድ፦
ከላይ ያለው ልክ ነው፤ ግን እህትሽ ራሷን የምታውቅ ከሆነ ወደዚያ ዝርዝር ለምን ትደርሳላችሁ? አዲስ ውክልና ዛሬውኑ ትፈርም። አዲሱ የቀድሞውን ይሽራል፣ ክርክሩም ያበቃል።

በኖታሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት ወይም በሁለት ምስክሮች ፊት መፈረም ይቻላል፤ ሁለቱም አያስፈልጉም። በምስክር ከሆነ ቢያንስ አንደኛው ገለልተኛ መሆን አለበት፦ ወኪሉ ራሱ ያልሆነ፣ በሥጋም በጋብቻም የማይዛመዳት፣ የማይወርሳት፣ የሚያክማት ሐኪም ወይም የእሱ ሠራተኛ ያልሆነ፣ በቀጥታ የምትንከባከባት የሆስፒታሉ ነርስም ያልሆነች። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ቤተሰቡ ሁለት የአክስት ልጆች ያስፈርማል፣ ወረቀቱ ይወድቃል። የነፍስ አባቷ ወይም የዕድር ጓደኛዋ ይበቃሉ።

ሰዓቱንም ምረጡ። ሞርፊን በተሰጣት በሃያ ደቂቃ ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ነገ ጥያቄ ይነሳበታል። ጠዋት፣ አእምሮዋ ጥርት ባለበት ሰዓት፣ ሐኪሙ «የምትፈርመውን ትረዳለች» ብሎ መዝገቧ ላይ ከጻፈ በኋላ ይሁን። እንግሊዝኛዋ ካልጠነከረ ሆስፒታሉ በነጻ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ጠይቁ፤ ልጇን ወይም የቀድሞ ባሏን አታስተርጉሙ። ተለዋጭ ወኪል መጻፍም አትርሱ።

ፈርማም ቢሆን ወኪሏ መወሰን የሚጀምረው ሐኪሟ ለራሷ መወሰን እንደማትችል በጽሑፍ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። እስከዚያ የሚሰማው የእሷ ቃል ነው።

ቨርጂኒያ_አሌክሳንድሪያ፦
ሌላ ክፍለ ግዛት ሆናችሁ የምታነቡ ይህን እንዳለ አትውሰዱት። ቨርጂኒያ ውስጥ ውክልና ካልተጻፈ፣ የፍቺ ክስ ቀርቦ ገና ካልተወሰነም የትዳር ጓደኛው ከተራው ይወጣል። ሚኒሶታ ውስጥ የትዳር ጓደኛ ውክልና የሚሻረው ክሱ ሲጀመር ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ትዳሩ ሲፈርስ።

የሕግ_ረዳት_ዳላስ፦
ጥሩ አነሳህ። ቴክሳስ ላይ አደገኛው ጊዜ ይሄ መሃሉ ነው። ክስ ከገባ በኋላ ፍቺ ለመወሰን በመደበኛው ቢያንስ 60 ቀን ይጠበቃል፤ ብዙ ጊዜ ወራት ይወስዳል። ዳኛው እስኪፈርም ድረስ ባል ባል ነው፤ ወኪልም ከነበረ ወኪል ነው፤ ወረቀት ከሌለም በተራው የመጀመሪያው እሱ ነው። ቴክሳስ በሕግ የተመዘገበ መለያየት የሚባል ነገር የላትም። በሽማግሌ መለያየት ወይም አምስት ዓመት ለየብቻ መኖር ምንም አይለውጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለ ሰው ግን ውክልናውን በቃልም ቢሆን መሻር ይችላል፤ ለወኪሉ ወይም ለሐኪሙ መናገር ይበቃል፤ ሕጉ የመወሰን ብቃቱ ባይኖረውም እንኳ መሻሩን ይቀበላል።

የደሴ_ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነቱን ለመናገር እህቴ ራሷ ልጇ ላይ ሸክሙን ላለመጣል «እሱ ይወስን» ልትል ትችላለች። ይቻላል?

ነርስ_ጋርላንድ፦
ይቻላል። ከፍቺው በኋላ ያለ ቀን የተጻፈበት አዲስ ውክልና ላይ ስሙን ትጻፍ፤ የቀድሞውን ወረቀት እንደገና መጠቀም አይሆንም። ሸክሙን ማቅለል ከፈለገች ግን የተሻለ መንገድ አለ፦ ለሐኪሞች የሚሰጠውን መመሪያ (ዳይሬክቲቭ) ሞልታ ማሽኑን እንደምትፈልግ ወይም እንደማትፈልግ ራሷ ትጻፈው። ያኔ ልጅቷ የእናቷን ቃል ታስፈጽማለች እንጂ አትፈርድባትም። ከ2016 የቀረ ሌላ መመሪያ ካለም ፈልጉት፤ ያ ቅጽ ውክልና ለሌለው ሰው ወሳኝ የሚጻፍበት መስመር ስላለው የእሱ ስም እዚያም ሊኖር ይችላል። ፍቺው ያን ሰርዞታል ብላችሁ አትተማመኑ፣ በአዲስ ተኩት።

የሕግ_ረዳት_ዳላስ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ አሁን ማንሳቱ ቢከብድም። የሕክምና ውክልና ሰውየው ሲሞት ያበቃል። አስከሬን ወደ ኢትዮጵያ ይሂድ ወይስ እዚሁ ይቀበር የሚለውን ለብቻው የተጻፈ ወረቀት ካልወሰነው ቁጥር 711.002 ይወስነዋል፤ ለተፋታ ሰው መጀመሪያ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች፣ ከዚያ ወላጆች፣ ከዚያ እህት ወንድም። ደሴ መቀበር ከፈለገች የአስከሬን ወኪል የምትሾምበትን ቅጽ ትሙላ፤ እሷም ወኪሉም ይፈርማሉ፣ የእሷ ፊርማ በኖታሪ ይረጋገጣል። ኖታሪው ለአንዱ ሲመጣ ሁለቱንም አስጨርሱት።