ለትምህርት ቤታችን ያለን 186 ሺህ ብር ቅድሚያ ለምን ይዋል?

የቦርድ አባል እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በጉራጌ ዞን በአንዲት የገጠር ቀበሌ የምኖር የሁለት ተማሪዎች እናት ስሆን፣ ጥቅምት ላይ በተደረገው የወላጆች ጉባኤ የቀበሌያችን ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አባል ሆኜ ተመርጫለሁ። ትምህርት ቤታችን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል 640 ተማሪዎች አሉት፤ ከነዚህ ውስጥ 310ሩ ሴቶች ናቸው። መንግሥት ለትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው ድጎማ የቀረው ገንዘብ፣ ባሕር ዛፍ ተሽጦና የግቢው ሣር በጨረታ ወጥቶ ከተገኘው የውስጥ ገቢ ጋር ሲደመር በእጃችን ያለው 186 ሺህ ብር ነው።

ክርክራችንም የተነሣው በዚሁ ገንዘብ ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩ የትምህርት ቤቶችን ደረጃ የሚመዝነው ኢንስፔክሽን ስለሚመጣ ክፍሎቹ ተለስነው ቀለም ይቀቡ ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ከብት እየገባ ችግኙን ስለጨረሰው አጥሩ ይቅደም ይላሉ። አንድ አባት ደግሞ ልጆቹ ቁርስ ሳይቀምሱ እየመጡ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ እንደሚተኙ ተናግረው፣ ብሩ ለምገባ ይሁን ብለዋል። እኔ ግን ከስብሰባው በፊት ግቢውን ዞሬ ሳይ ዓይኔ ያረፈው መጸዳጃ ቤቱ ላይ ነው። ለመላው ትምህርት ቤት ያለው ባለ አራት ቀዳዳ አንድ ቤት ብቻ ሲሆን፣ በሴቶቹ በኩል ያለው በር ከወለቀ ቆይቷል። ልጆቹ ሦስት ሦስት ሆነው ይሄዳሉ፤ አንዷ ስትገባ ሁለቱ ነጠላ ዘርግተው በር ይሆኑላታል። ካየሁት ወዲህ ከኅሊናዬ አልጠፋ ብሎኛል፤ የእኔም ልጅ 7ኛ ክፍል ናት።

በትምህርት ቤት ቦርድ ወይም በወላጅ መምህር ኅብረት የሠራችሁ፣ እንዲህ ያለውን ውሳኔ እንዴት እንደወሰናችሁ ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ጡረተኛ ርዕሰ መምህር

እኅቴ፣ ለተጣለብዎት ኃላፊነት ይህን ያህል መጨነቅዎ የሚያስመሰግን ነው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት በርዕሰ መምህርነት ሠርቻለሁ። ከቅድሚያው ክርክር በፊት ቦርዱ ራሱን መጠየቅ ያለበት፣ የቀረበው ሥራ በእርግጥ የትምህርት ቤቱ ድርሻ ነው ወይስ የወረዳው የሚለውን ነው። የመምህራን ደመወዝና አዲስ የመማሪያ ክፍል ግንባታ ከትምህርት ቤት ሣጥን የሚወጣ አይደለም። ድጎማው ደግሞ የሚወጣው በትምህርት ቤቱ የመሻሻል ዕቅድ መሠረት ነው፤ እሱም መማር ማስተማርን፣ ምቹ የትምህርት አካባቢን፣ የትምህርት ቤት አመራርን እና የኅብረተሰብ ተሳትፎን በሚሉ አራት ዐበይት ርእሶች የተከፈለ ነው። ሰፊ ነፃነት ያላችሁ በውስጥ ገቢው ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ገንዘቦች በመዝገብ ለያይታችሁ ያዙ።

ስለ ኢንስፔክሽኑ ርዕሰ መምህራችሁ ቅን ሐሳብ እንዳላቸው አልጠራጠርም፤ ሆኖም ቀለም ብቻውን ደረጃ አያነሣም። ምዘናው በ26 ስታንዳርዶች የሚካሄድ ሲሆን፣ ግብዓት 25 በመቶ፣ ሂደት 35 በመቶ፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛል። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ትምህርት ቤት ደረጃ 1 ላይ ይቀራል፤ ደረጃ 3 ለመድረስ ቢያንስ 70 ያስፈልጋል። በመራሁት አንድ ትምህርት ቤት የዓመቱን ገንዘብ በሙሉ ለአጥርና ለቀለም አውለን፣ መዛኞቹ ሲመጡ ግቢው አምሮ ነበር፤ ነገር ግን ልጆቹ ከዕረፍት በኋላ ወደ ክፍል የማይመለሱ ስለነበሩ በሂደቱም በውጤቱም የተመዘገበው ነጥብ ዝቅ ያለ ሆነ። በወቅቱ ውሳኔውን ያጸደቅሁት እኔ በመሆኔ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳው ዕቅድ የሚሰናዳው ግን ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ነው። ብዙ ቦርዶች ጥያቄያቸውን ይዘው የሚሄዱት ሰኔ ላይ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የእናንተ ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ተደግፎ፣ የወላጆች መዋጮ ምን ያህል እንደሆነ ተጽፎበት፣ ቢዘገይ መጋቢት ላይ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይግባ። ባዶ እጁን የሚለምንና የድርሻውን ይዞ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት እኩል አይሰሙም።

የሳይንስ መምህርት

በሥርዓተ ፆታ ክበብ ኃላፊነት ስድስት ዓመት አገልግያለሁ፤ ስለ በሩ የጻፉትን ሳነብ የራሴን ተማሪዎች ያየሁ መሰለኝ።

ብዙ ቦርዶች ጉዳዩን የሕንፃ ጉዳይ ብቻ አድርገው ስለሚወስዱት አዲስ መጸዳጃ ቤት እስኪሠራ ይጠብቃሉ። የእኔ ልምድ የሚያሳየው ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ከትምህርት የምትቀርባቸውን ቀናት የቀነሰው ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ነው። አንድ አናጺ በግማሽ ቀን ሦስት በር አስተካክሎ፣ መቀርቀሪያውን የ1ኛ ክፍል ልጅ በምትደርስበት ከፍታ ላይ ገጠመልን። ቀጥሎ ለወር አበባ ጊዜ የምትሆን ትንሽ ክፍል አዘጋጀን፤ ውኃ የያዘ ጀሪካን፣ ሳህን፣ ሳሙና፣ የንጽህና መጠበቂያ፣ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ እና ሁለት ትርፍ ቀሚስ ነበራት። ቁልፉ መጀመሪያ በዘበኛው እጅ ስለነበር ማንም ልጅ ሄዳ አልጠየቀችም፤ ወደ አንዲት መምህርት እንደተላለፈ ግን በየሳምንቱ የሚመጡ ልጆች ነበሩ። ይህ ለውጥ ምንም ወጪ አልጠየቀም።

በቁጥር ረገድ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለ25 ሴቶች አንድ መቀመጫ፣ ለ50 ወንዶች አንድ መቀመጫና መሽኛ ይላል። ለ310 ሴት ልጆች ከ12 በላይ ማለት ነው። በዚህ ዓመት እዚያ መድረስ እንደማትችሉ ግልጽ ነው፤ ቁጥሩ ግን ለወረዳው በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ ይግባ። ሴቶቹንም ስለ ቦታውና ስለ በሩ አቅጣጫ ከመሠራቱ በፊት ጠይቋቸው። የእኛው የተሠራው በሩ ወደ ኳስ ሜዳው ዞሮ ስለነበር በዕረፍት ሰዓት ማንም አይገባበትም ነበር።

የውኃ ባለሙያ

መጸዳጃ ቤት ያለ ውኃ ቢሠራ እጅ ሳይታጠብ ይቀራል፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አስቡ። አራት የመማሪያ ክፍል ያለው የተለመደው ብሎክ 8 በ28 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣሪያው 224 ካሬ ሜትር ይሆናል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ደኅና ዝናብ፣ አንድ አምስተኛው ባክኖ እንኳ 3,600 ሊትር ገደማ ይሰጣችኋል፤ የ10 ሺህ ሊትር ሮቶ በሦስት ዝናብ ይሞላል ማለት ነው። አሸንዳው ግን የበልጉ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ይገጠም።

ይህን ስል ተስፋውን ከልክ በላይ እንዳታሳድጉት ነው የምፈልገው። 640 ልጅ በቀን ግማሽ ሊትር ቢጠቀም 320 ሊትር ይሆናል፤ ሙሉው ሮቶ 31 የትምህርት ቀን ያህል ብቻ ይቆያል። ዋናው ዝናብ የሚጥለው ልጆቹ ክረምት ላይ ቤታቸው በሚሆኑበት ጊዜ ነው፤ መስከረም ሲከፈት ሙሉ የነበረው ኅዳር ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ እስከ በልግ ያለው ጊዜ ባዶ ነው። ለእሱ ወይ ሁለተኛ ሮቶ፣ ወይ ከወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት መስመር መጠየቅ ግድ ይላል። የመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ከማንኛውም የመጠጥ ውኃ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ በቁልቁለቱ በኩል ይሁን፤ የአየር ማስወጫ ቱቦው ጫፍ በወንፊት ይሸፈን፣ ቤቱም ውስጡ ጨለም ይበል። ዝንብ ብርሃን ተከትሎ ወደ ቱቦው ሲወጣ ወንፊቱ ያስቀረዋል።

የአንደኛ ሳይክል መምህር

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ቁርስ ስለጠየቁት አባት ማንም አልተናገረም። ሐሳባቸው እውነት ነው፤ የተራበ ልጅ ፊደል አይገባውም። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ ለአንድ ልጅ በቀን 10 ብር ብቻ ቢታሰብ ለ640 ልጅ 6,400 ብር ይሆናል፤ ያላችሁ ገንዘብ በሙሉ በ29 ቀን ያልቃል። አዲስ አበባ ምገባውን የምታካሂደው በከተማ አስተዳደሩ በጀት ነው፤ በአንድ ቀበሌ ሣጥን የሚቻል አይደለም። ጥያቄውን ግን ትታችሁ አትለፉ፤ ለወረዳው በጽሑፍ አቅርቡት፤ እስከዚያው እጅግ የተቸገሩትን ልጆች የክፍል ኃላፊ መምህራን ስለሚያውቋቸው፣ ዕድሮቹ ለእነሱ ብቻ ቆሎም ይሁን ዳቦ እንዲያዋጡ መነጋገር ይቻላል። የልጆቹ ስም በአደባባይ እንዳይነበብ አደራ እላለሁ።

ከገንዘቡም ጥቂት ለማንበቢያ መጻሕፍት ይመደብ። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ብዙ የ2ኛ ክፍል ልጆች አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። እኔ ክፍል ውስጥ ዛሬም እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ በእጃቸው የሚይዙት ነገር የላቸውም።

የቦርድ አባል እናት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጽሑፋችሁን አትሜ ቅዳሜ ለቦርዱ አነበብኩላቸው፤ የ29 ቀኑ ሒሳብ ሲነበብ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ምገባውን ያነሡት አባት ራሳቸው ደብዳቤውን ለወረዳው ለመጻፍ ተነሡ።

የተወሰነው ይህ ነው። የሴቶቹ በሮችና መቀርቀሪያዎች በዚህ ሳምንት ይጠገናሉ። ለሴቶች ብቻ የሚሆን ባለ አራት መቀመጫ ቤት ይሠራል፤ ጉድጓዱን ወላጆች ይቆፍራሉ፣ እንጨቱን ከግቢያችን እንቆርጣለን፣ ብሩ ለቆርቆሮ፣ ለሲሚንቶና ለግንበኛ ይሆናል። አሸንዳና አንድ ሮቶ ከበልጉ በፊት ይገጠማል፤ 15 ሺህ ብር ለማንበቢያ መጻሕፍት ተለይቷል። አጥሩን በተመለከተ ሽማግሌዎቹ ቅንጭብ ለመትከል ተስማምተዋል። ለሁለተኛው ሮቶ፣ ለመስቀል በዓል ከአዲስ አበባ የሚመጡ ልጆቻችንን እንጠይቃለን፤ የበፊቱ ወጪ ዝርዝር ያን ጊዜ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ እንዲጠብቃቸው በቃለ ጉባኤ አስይዘናል።

የቤቱ በር ወዴት ይዙር የሚለውን ሰኞ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሴቶች ከመምህርታቸው ጋር ቦታው ላይ ቆመው ይመርጣሉ።