የእማዬ ሲቲ ስካን «ስቴብል» ይላል፤ ኬሞው አልሠራም ማለት ነው?

የዘጌ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 61 ዓመቷ ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ጉበቷ ላይ ደርሶ ባሕር ዳር ኬሞ ጀምራለች። በየ15 ቀኑ በጀልባ እያመጣናት አራት ዙር ወሰደች። ኬሞ ሳትጀምር በተነሣችው ሲቲ ስካን ጉበቷ ላይ 42 እና 26 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ዕጢዎች ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ስትነሣ 34 እና 21 ሆነዋል። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ፣ የሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «ስቴብል ዲዚዝ» የሚል አየሁ። አጎቴ «ባለበት ነው ማለት ነው፤ ብራችሁን ሐይቅ ውስጥ እየበተናችሁ ነው» አለ። ይህን ስትሰማ እማዬ ኬሞውን ትቼ ጸበል እገባለሁ አለች። ቀጠሮዋ ሰኞ ነው። ቁጥሩ ቀንሶ እንዴት «ባለበት» ይባላል?

ራጅ ክፍል፦
ወንድሜ፣ እኔ ሲቲ የማነሣ ነኝ እንጂ ሐኪማቸው አይደለሁም። ስሌቱን ግን ልንገርህ። ሪሲስት የሚባል መለኪያ አለ። የዕጢዎቹ ረጅሙ ስፋት ይደመራል፤ 42 እና 26፣ 68። አሁን 55። 19 በመቶ ቀንሷል። «ምላሽ ሰጠ» ለመባል ቢያንስ 30 በመቶ መቀነስ አለበት፤ ድምሩ 47 ድረስ መውረድ ነበረበት። «ጨመረ» የሚባለው 20 በመቶ፣ ያውም ከ5 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ሲያድግ ወይም አዲስ ዕጢ ሲታይ ነው። መሃል ላይ ያለው ሁሉ ስቴብል ነው። ክፍተቱ የሰፋው በምክንያት ነው፤ አንዱን ዕጢ ሁለት ሰው ቢለካው እንኳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይለያያል።

ደግሞ የምንለካው በአንድ መስመር ነው። ዕጢው ድቡልቡል ከሆነ፣ ከ42 ወደ 34 ሲወርድ ይዘቱ ግማሽ ገደማ ሆኗል። ይሄን ለአጎትህ ንገረው።

ለወደፊቱ እንዳትደነግጥ፦ መጨመር የሚቆጠረው ከታየው ትንሹ ድምር ተነሥቶ ነው። ከ55 ተነሥቶ 66 ከገባ፣ ከ68 ቢያንስም «ጨመረ» ይባላል።

ቀበሌ 14፦
ሁለቱንም አንድ ቦታ ነው የተነሡት? ባለቤቴን ሁለተኛውን ሌላ ቦታ አስነሣነው። በደም ሥር የሚሰጠውን ኮንትራስት ሳይሰጡ አነሡት። ጉበቱ ላይ ያለው ዕጢ ደብዝዞ ማወዳደር አልተቻለም፤ እንደገና ከፈልን። እስካሁን ያናድደኛል። የድሮውን ሲዲ ይዘህ ሂድ፣ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ለሚቀጥለውም፣ ኮንትራስት ከመስጠታቸው በፊት የሚያዩትን የኩላሊት ምርመራ ቀድመህ አሠራ። ጸበሉን እኔም አስጠምቄዋለሁ። ኬሞውን ግን አንድ ቀን አላቋረጠም።

የዘጌ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ቦታ ነው የተነሣችው። የመጀመሪያው ሲዲ ግን ቤት ቀርቶ ነበር፤ ኮርቻ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት!

ለእማዬ በመቶኛ ብነግራት አልገባትም። ጓሮ ገብቼ ሎሚ በማስመሪያ እየለካሁ ሁለት መረጥኩ፤ አንዱ 42፣ አንዱ 34። ሁለቱንም ቆርጣ ጨመቀችና ብርጭቆዎቹን ጎን ለጎን አስቀመጠች። ዝም ብላ አየቻቸው። ከዚያ «ሰኞ ጀልባው ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።