«ለመደች»፣ «ተላመደች»፣ «ቤተኛ ሆነች»፦ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ

ጥያቄ፣ ከደሴ

እንደምን ከረማችሁ። በሰፈራችን ዐረብ አገር ስለሄደች ልጅ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አልሐምዱሊላህ፣ አሁንስ ለምዳለች» ነው። አንዳንዱ «ተላምዳለች» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ቤተኛ ሆናለች»። ሦስቱ በትክክል የት ላይ ይለያያሉ? ቋንቋዋ የደረሰበትን ለመግለጽስ «በዐረብኛ አፏን ፈታች» ማለት ያስኬዳል?

መልስ፣ ከሐይቅ

ከመጨረሻው ልጀምር። አፍ የሚፈታው አንዴ ብቻ፣ በሕፃንነት ነው። «አፍ መፍቻ ቋንቋ» የምንለውም ለዚህ ነው። ትልቅ ሰው አዲስ ቋንቋ ሲናገር «አንደበቷ ተፈታ» ወይም «ምላሷ ተላቀቀ» ቢባል ይሻላል።

ለደረጃው ደግሞ የራሳችን መሰላል አለን። «ዐረብኛ ትሰማለች» ሲባል ሲነገራት ይገባታል፣ መመለስ ግን ገና ነው ማለት ነው። «ትሞክራለች» ከተባለ እየሰባበረችም ቢሆን ትመልሳለች። «ትችላለች» ሥራዋንና ጉዳይዋን ያለ አስተርጓሚ ትጨርሳለች። «ታቀላጥፈዋለች» ሳታስብ ከአፏ ይወጣል። «ትሰማለች» እና «ትሞክራለች» መካከል ያለው ጊዜ በጣም ያስጨንቃል። ሁሉ ነገር ይገባል፣ አፍ ግን አይታዘዝም፤ አሠሪዎቹም ዝምታውን እንደ ኩርፊያ ወይም እንደ እንቢታ ይቆጥሩታል። በዚያ ወቅት «ፈሂምት» (ገባኝ) እና «ማ ፈሂምት» (አልገባኝም) የሚሉት ሁለቱ ብዙ ክርክር ያስቀራሉ። ያልገባን ነገር በ«አይዋ» (አዎ) ማለፍ ነው ጣጣ የሚያመጣው።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

በሦስቱ ግሦች ላይ ልጨምር። «ለመደ» በአንድ ወገን የሚያልቅ ነው፦ ሥራውን ለመደች፣ ሙቀቱን ለመደች፣ ምግቡን ለመደች። ሙቀቱ እሷን አይለምዳትም። «ተላመደ» ግን ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ «ከሰዎቹ ጋር ተላመደች» ካላችሁ እነሱም ለምደዋታል ማለታችሁ ነው። ስለዚህ «ከሥራው ጋር ተላመደች» የሚለው ለጆሮዬ አይጥምም፣ ምንም እንኳ በሬድዮ ቢበዛም።

ባለቤቱ ሲገለበጥም ተመልከቱ፦ «ልጆቹ ለመዷት»። ልጅ ሲለምድ አብሮ ይቀመጣል፣ የሚያየውን ሁሉ ይጠራል፣ አንዱን ቃል ደጋግሞ ይላል፣ ስትሳሳትም ያርማታል። ሕፃን ያለበት ቤት የገባች ቋንቋው ቶሎ የሚይዛት ለዚህ ነው። ትልልቆቹ ግን የውጭ ሰው ሲያናግሩ ቋንቋቸውን ይሰባብሩታል። «ማፊ» (የለም፣ አይደለም)፣ «ሰዊ» (አድርጊ)፣ «ሰዋ ሰዋ» (አብሮ) እያሉ ግስ ሳያረቡ ያወራሉ። ይህ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከኤስያም ከአፍሪካም በመጡ ሠራተኞችና በአሠሪዎቻቸው መካከል ያደገ የመግባቢያ ቋንቋ ነው። ለሥራ ይበቃል። ነገር ግን በእሱ ብቻ የቀረች ሰው ብዙ ዓመት ቆይታም ሰዎቹ እርስ በርስ ሲያወሩ አይገባትም። «አና ማፊ ማዕሉም» ስትል ከርማ፣ ሳዑዲዎቹ ግን «ማ አድሪ» (አላውቅም) እንደሚሉ ልብ ሳትል ትቀራለች።

ሌላው ስሕተት ከትእዛዝ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ የምትሰማው «ጂቢ» (አምጪ)፣ «ሹፊ» (እይ) ነውና ስለ ራሷም «አና ጂቢ» ትላለች። በአማርኛ «እኔ አምጪ» እንደማለት ነው። «አመጣለሁ» ለማለት «አጂብ»፣ «አያለሁ» ለማለት «አሹፍ» ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ መክበድ አልነበረበትም፤ «አምጣ»ና «አምጪ»ን እንደምንለይ ሁሉ እነሱም «ጂብ»ና «ጂቢ»ን ይለያሉ፤ «አንቺ»ም «ኢንቲ» ነው።

ጥያቄ፣ ከወልዲያ

ቁርኣን የቀራች ልጅስ? ደረሳ ሆና ያደገች ሰው ዐረብኛው አይቀላትም?

መልስ፣ ከባቲ

በድምፁ በኩል በጣም ይቀላታል። ግእዝ በ«ሐ»፣ በ«ኀ»ና በ«ዐ» የለያቸውን ድምፆች የዛሬው አማርኛ በአፍ አይለያቸውም፤ በቁርኣን የሠለጠነ ምላስ ግን ይለያቸዋል። በቃላት በኩል ግን የመጽሐፉ ሌላ፣ የማድቤቱ ሌላ ነው። «እፈልጋለሁ» በመጽሐፉ «ኡሪዱ» ሲሆን ጅዳ «አብጋ» ነው፣ ቤይሩት «ቢዲ»። «አሁን» በመጽሐፉ «አል ኣን»፣ ጅዳ «ደሒን»፣ ሪያድ «አልሒን»፣ ቤይሩት «ሀላእ»። «ምን» ጅዳ «ኤሽ»፣ ሪያድ «ወሽ»፣ ኩዌት «ሽኑ»፣ ቤይሩት «ሹ»። ስለዚህ «ዐረብኛ ተማሪ» ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም፤ የምትሄድበት ከተማ የቱ እንደሆነ ተጠይቆ፣ ከዚያው ከተማ የተመለሰች ሰው ብታስተምራት ነው የሚሻለው።

ለእኛ ለወሎዎች ደግሞ የሚያውቁት ቃል ራሱ ያሳስታል። «አብሽር»ን እዩ። እዚህ «አይዞህ፣ አትጨነቅ» ነው፤ ያዘነ ሰው ሁሉ «አብሽር» ይባላል። ሳዑዲ ውስጥ ግን ነገር ሲታዘዙ ወይም ሲለመኑ የሚመለስ ነው፦ «እሺ፣ ይደረጋል»። የመንግሥቱ የኢንተርኔት አገልግሎትም ስሙ «አብሽር» ነው፣ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ጉዳይ የሚታየው በእሱ ነው። ልጅቷ አሠሪዋን አዝና ስታያት «አብሽሪ» ብትላት ሴትየዋ ምን እንዳዘዘች ግራ ሊገባት ይችላል።

ቡና ላይም እንዲሁ ነው። «ጁብና» እነሱ ዘንድ አይብ ነው እንጂ የኛ ጀበና አይደለም፤ ቡና የሚቀርብበት ዕቃቸው «ደላ» ይባላል። «ቡን» ፍሬው ወይም ዱቄቱ ነው፣ የሚጠጣው «ገህዋ»፣ ሊባኖስ «አህዌ»። ስኒው ግን «ፊንጃል»፣ ያው የኛው ፍንጃል ነው።

ከሁሉ የባሰው ሰዓት ነው። «ሳዓ ሰብዓ» ሲባል ቃሉ ከ«ሰባት» ጋር ስለሚመሳሰል ጆሮ ወዲያው «ሰባት ሰዓት» ይላል። የጠዋቱ «ሰብዓ» የኛ 1 ሰዓት ነው። ሳዑዲና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ስለሆኑ የእጅ ሰዓት መቀየር አያስፈልግም፤ አቆጣጠሩ ብቻ በ6 ይለያያል። ልጆቹን ለትምህርት ቤት በ«ሰብዓ» አድርሺ የተባለች ሰው ይህን ከሳተች ቀኑ ሙሉ ይበላሻል። ጥርጣሬ ካለ በሶላት ማስተሳሰር ይቻላል፦ «በዕድ ዙህር» (ከዙህር በኋላ) ካሉ የሚምታታ ነገር የለም።

መልስ፣ ከሐይቅ

«ቤተኛ» ሳይነካ እንዳይቀር። ሰው እንግዳ ሆኖ እንዳይስተናገድ ሲፈልግ «ተዉ፣ ቤተኛ ነኝ፣ ራሴ እቀዳለሁ» ይላል። ምልክቱም ይኸው ነው፦ ዕቃው የት እንዳለ ያውቃል፣ ሳይጠይቅ ያነሣል፣ ሲገባ የሚነሣለት የለም። ይሁን እንጂ ቃሉ የሚጸናው የቤቱ ሰዎች ሲቀበሉት ነው። ቋንቋውን አቀላጥፋም «ባይተዋር» የሆነች አለች፤ «ባይተዋር» ወገን የሌለው፣ የሚያወራለት ያጣ ማለት እንጂ ቋንቋ የማያውቅ ማለት አይደለምና።

በሥራ ቤት ይህን ቃል በጥንቃቄ እንድንጠቀምበት እለምናለሁ። «አንቺኮ እንደ ልጃችን ነሽ» መባል ደስ ይላል፤ ደመወዝ ሲዘገይና የዕረፍት ቀን ሲቀር ማባበያ ሲሆን ግን ያስቆጣኛል። ቤተኛ የሆነችም ኮንትራቷ ኮንትራት ነው። «ራቲቢ ሜታ?» (ደመወዜ መቼ ነው?) የምትለውን ከ«ጂቢ» እና ከ«ሹፊ» እኩል፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራ ትያዛት።

ጥያቄ፣ ከደሴ

አላህ ይስጥልን። ታዲያ በስልክ ላይ ሳለን ምን ብለን እንጠይቃት? «ለመድሽ ወይ?» ስንላት «አዎ» ከማለት ሌላ መልስ የላትም።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

ዘርዝራችሁ ጠይቁ። «ሲያወሩ ትሰሚያለሽ ወይስ ትሞክሪያለሽ?»፣ «ልጆቹ ለመዱሽ?»፣ «ከማን ጋር ትስቂያለሽ?»፣ «ያንቺን ምግብ ሠርተሽ ትበያለሽ?»፣ «ደመወዝሽ በጊዜው ገባ?» በሉ። አጠገቧ ሰው ካለ በነፃነት አትመልስምና ብቻዋን የምትሆንበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሰዓቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ።