ባንኮክ ለምንሄድ የጎንደር ልጆች፦ ስንዴ የማይስማማው ሰው የታይ ኑድል ቤት ምን ይዘዝ?

የአዘዞ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። አባታችንን ለማሳከም ባንኮክ ልንሄድ ነው፤ ታናሽ እህቴም አብራን ትሄዳለች። እሷ ሴሊያክ የሚባል ሕመም ስላለባት፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀቷን ስለሚጎዳ፣ ስንዴም ሆነ ገብስ አትነካም። እዚህ ጤፉን ቤት ለቅመን ስለምናስፈጭላት አንቸገርም፤ ውጭ እንጀራ አትበላም። ባንኮክ ግን ሆስፒታሉ ዙሪያ በሙሉ ኑድል ቤት ነው አሉን። ኑድሉ ከሩዝ ነው ቢሉኝም ልቤ አላመነም። ደግሞ የምንሄደው በጾም ነው፣ እሷም አትገድፍም። እዚያ የኖረ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ማራኪ፦
ሩዝ ከሆነ ምን አስጨነቀህ? ሩዝ ውስጥ ስንዴ ከየት ይመጣል? ትብላ።

ባንኮክ የኖረች፦
ወንድሜ፣ ይህን ምክር አትስማ። ቀጭኑ ሴን ሌክና ሰፊው ሴን ያይ የሩዝ ናቸው፤ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፈው ዉን ሴን ደግሞ ከማሾ ይሠራል። ቢጫው ባሚ ግን የስንዴ ነው። ከባሚ ብትርቅም ሶሱ ይቀራል፤ ሰው የሚታመመው በእሱ ነው። ተራው ሶያ ሶስ ሲሠራ ስንዴ ይገባበታል፣ ኦይስተር ሶስም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። ፓድ ሲ ኢው የሚሉት ሰፊ ኑድል የሚጠቁረው በሶያ ሶስ ስለሚጠበስ ነው። ፓድ ታይ ይሻላል፤ ጣዕሙ በዋናነት ከታማሪንድ፣ ከዓሣ ሶስና ከስኳር ነው። አንዳንዱ ቤት ግን ሶያ ጠብ ያደርግበታል፣ ሳትጠይቁ አትዘዙ።

የሾርባ ኑድል የመንገድ ላይ ከሆነ ባይበላ ይሻላል። ባሚውንም የሩዙንም በአንድ ድስት ውሃ እያፈራረቁ ይነክሩታል። የጀልባ ኑድል የሚሉት ደም ይጨመርበታል፣ ሌላውም በአሳማ አጥንት የሚፈላው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ከጾም ውጭም ቢሆን ለእኛ ሰው አይሆንም።

የአዘዞ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ቢጫ ባንዲራ የሚሰቅሉ የጾም ምግብ ቤቶች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እነሱስ?

ባንኮክ የኖረች፦
የምፈራልህ እነሱን ነው። ጄ ይባላል፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፣ ለጤነኛ ጿሚ ገነት ነው። ለእህትህ ግን ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። የዓሣ ሶስ ስለማይገባበት በምትኩ ሶያ ሶስ ያፈሱበታል። ሥጋ መስሎ የሚቀርበውም ብዙ ጊዜ ግሉተኑ ራሱ ነው፤ የስንዴው ሊጥ በውሃ ታጥቦ ታጥቦ የቀረው።

ሼፉ ከፒያሳ፦
እኔ ሆቴል ውስጥ አብሳይ ነኝ፣ የማውቀውን ልጨምር። ታማሪ የሚባል ሶያ ሶስ አለ፣ አብዛኛው ያለ ስንዴ ነው የሚሠራው። ጠርሙሱ ላይ ከግሉተን ነጻ መባሉን አይታችሁ ግዙና በቦርሳዋ ትያዘው። ትእዛዙ ይህን ይምሰል፦ የሩዝ ኑድል በአዲስ ውሃ ተቀቅሎ፣ በታጠበ መጥበሻ፣ በቶፉ (አይብ በሚመስለው የሶያ ምግብ) እና በአትክልት፣ በራሷ ሶስ፤ እንቁላል፣ የደረቀ ሽሪምፕና የዓሣ ሶስ ይቅር። በታይ ፊደል የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ይጻፍላችሁ። ግሉተን ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፣ ብዙ አብሳይ አያውቀውም። ስንዴ፣ ሶያ ሶስ፣ ኦይስተር ሶስ ተብሎ በስም ይዘርዘር። የምትሄዱትም ከምሳ ግርግር በፊት ይሁን። እውነቱን ልንገርህ፣ ትእዛዝ ሲደራረብ እኔም ብሆን እሺ ብዬ ልረሳው እችላለሁ።

ነርሷ፦
አንድ ነገር ልበል። ሆዷን ባያማትም አንጀቷ ሊጎዳ ይችላል፣ ስለዚህ ትንሽ ቀምሶ ማየት የሚባል ነገር የለም። በዓለም አቀፉ መለኪያ ከግሉተን ነጻ የሚባለው ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይችልም። ሶስ የነካው መጥበሻ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

የልጆች እናት፦
ልጄ፣ ስንቁን አትርሳ። ለመንገደኛ በሶና ዳቦ ቆሎ መቋጠር ልማዳችን ነው፣ ለእሷ ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ በሶው ገብስ ነው። የራሷን ጤፍ እንጀራ ድርቆሽ አድርጉላት፣ ሽምብራ ቆሎም ያዙ፣ ምጣዱ ግን ገብስ ያልተቆላበት ይሁን። ወፍጮ ቤትም ከስንዴ ቀጥሎ እንዳይፈጩላችሁ። ልጄ ስትሄድ እንዳየሁት አውሮፕላኑ ላይ ከግሉተን ነጻ ምግብ አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል፣ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት። ግን ያ ምግብ የጾም ላይሆን ይችላል፣ ጠይቁ።

ማራኪ፦
እኔስ ሩዝ ሩዝ ነው ብዬ ነበር። ጣፋጭስ የሚሆናት አለ?

ባንኮክ የኖረች፦
አለ እንጂ። ማንጎ ከሚጣበቅ ሩዝ ጋር፣ ከላይ የኮኮናት ወተት ፈስሶበት። የጾም ነው፣ ሶያም ስንዴም አይገባበትም። ላዩ ላይ የሚበተነው ቢጫ ነገር የተቆላ ማሾ ነው፣ አትደንግጡ።

የአዘዞ ልጅ፦
ሁላችሁንም ያክብርልኝ። ነገ ለአስተርጓሚው እደውላለሁ፤ ወረቀቱን ጽፎ ሲልክልኝ ፎቶውን እዚህ እለጥፈዋለሁ፣ ሌላም የሚቸገር ሰው ይጠቀምበት።