«ህዝቡ ፈርዶበታል» ማለት ምን ማለት ነው?

የሆጤዋ፦ ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው «ፒያሳ ሱቅ ሲሰብር የነበረው ሌባ በቁጥጥር ስር ዋለ» አለ። ስሙን ከነአባቱ፣ ሰፈሩን ሳይቀር ጠራው። ሰውየው የተያዘው ትናንት ማታ ነው። ገና ፍርድ ቤት አልቀረበም። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ጋዜጠኝነት የምንማር ብዙ ነን፤ እንዴት ዝም እንላለን?

ሰኞ ገበያ፦ እኔ እዚያ ሬዲዮ ተለማማጅ ነኝ። መረጃውን የሰጠን ፖሊስ ነው፣ እኛ አልፈጠርነውም። ነጋዴው ንብረቱን ተዘርፎ እያለቀሰ እኛ «ተጠርጣሪ» እያልን እናባብል? ሰውየውን ሰፈሩ ያውቀዋል። ህዝቡ ፈርዶበታል።

ጦሳ ስር፦ «ህዝቡ ፈርዶበታል» ያልከውን አስረዳኝ። ማን መሰከረ? እሱስ ምን ብሎ ተከላከለ?

ሰኞ ገበያ፦ አነጋገር ነው። ቃል አትምዘዝ።

ጦሳ ስር፦ ስራችን እኮ ቃል ነው። ህገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ያ የተከሰሰ ሰው ነው። ይሄኛው ገና ክስ እንኳ የለበትም። አንተ ሁሉንም ዘለህ «ሌባ» አልከው።

ኮምቦልቻ፦ እኔ ከሰኞ ገበያ ጋር ነኝ። ያጎቴ ሱቅ ተሰብሮበታል። ቁልፉ ተገንጥሎ፣ መደርደሪያው ባዶውን ቀርቶ አይቻለሁ። ሰው መጠንቀቅ አለበት፣ ስሙን ማወቅ አለበት።

የሆጤዋ፦ ያጎትህ ነገር ያሳዝናል። ግን የተሳሳተ ሰው ስም ቢጠራ ላጎትህ ምን ይጠቅመዋል? እውነተኛው ሌባ ዜናውን እየሰማ ተደላድሎ ይቀመጣል።

ጠበቃው፦ ልጆች፣ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ፣ ፈተናም ላይ ይመጣባችኋል። ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቀርባል። ምርመራው ካላለቀ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ሰውየውን አስሮ የሚመረምርበት ተጨማሪ ቀን፣ ፍርድ ቤቱን ይጠይቃል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ አድርጎ ነው የጻፈው። እስከዚህ ድረስ ሰውየው ተጠርጣሪ ነው። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን አይቶ ሲከስ ተከሳሽ ይሆናል፤ ላይከስም ይችላል። ማስረጃ ተሰምቶ ዳኛው ጥፋተኛ ነህ ሲለው ያኔ ጥፋተኛ በሉት። ከዚያ በኋላም ይግባኝ አለ። «ፍርድ ቤት ቀረበ» እና «ተከሰሰ» አንድ አይደሉም። በየዜናው ሲቀላቀሉ እሰማለሁ፣ ያናድደኛል።

ሰኞ ገበያ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ትክክል ነው። ግን ህዝቡ ይሄን ሁሉ ደረጃ አይለይም።

ጦሳ ስር፦ አሁንም «ህዝቡ»! ህዝቡ የማይለየው እኛ ስለማንነግረው ነው።

ሰኞ ገበያ፦ አንተ ደግሞ አንዲት ቃል ይዘህ ቀረህ።

ጠበቃው፦ ሌላም ልጨምር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2044 የሰው ስም ማጥፋትን ያስጠይቃል። የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238 ስም ማጥፋትን ለሚዲያው ከወንጀል አውጥቶ ወደ ፍትሐ ብሔር ወሰደው። አትታሰሩም ማለት ነው፤ ካሳ ግን ትከፍላላችሁ። «ፖሊስ ነው ያለኝ» ማለት ብቻውን አያድንም።

የሆጤዋ፦ በዚያው አዋጅ በሚዲያ ስራ የተጠረጠረ ሰው ለምርመራ ተብሎ ሳይታሰር በቀጥታ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚል አለ። ጋዜጠኛ በጊዜ ቀጠሮ ሲመላለስ ሁላችንም እንጮሃለን። መጮህም አለብን። ለዚህ ሰውዬ ሲሆን ግን አንድ ቃል ከበደን?

ኮምቦልቻ፦ ጋዜጠኛንና ሱቅ ሰባሪን አንድ ታደርጊያለሽ?

የሆጤዋ፦ ይኸው፣ አንተም ፈረድክ።

አይጠየፍ፦ በወሎ እኮ አበጋር የሚባለው አስታራቂ ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ ቃል አይወጣውም። ደም የፈሰሰበትን ነገር እንኳ ቁጭ ብሎ ሰምቶ ነው የሚያስታርቀው።

ኮምቦልቻ፦ አበጋርን እዚህ ምን አመጣው? እሱ እርቅ ነው፣ ይሄ ስርቆት ነው።

አይጠየፍ፦ መስማቱን ነው ያልኩት፣ እርቁን አይደለም።

ቧንቧ ውሃ፦ እኔ ዝም ልል ነበር። ወንድሜን ባለፈው አመት ያዙት። ስሙ በሬዲዮ ተነገረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማስረጃ የለም ተብሎ ተለቀቀ፣ ያንን ማንም አልተናገረም። እናቴ ቡናዋን እንደ ድሮው አፈላች። ስኒዎቹን ደረደረች፣ ቆሎውን አቀረበች፣ ጭሱን አጨሰች። አንድ ጎረቤት አልመጣም። አቦሉን ከእሷ ጋር ሁለታችን ጠጣን። ሌላውን ስኒ እንደተደረደረ አነሳችው። ህዝቡ እንዲህ ነው የሚፈርደው።

ሰኞ ገበያ፦ አዝናለሁ እህቴ፣ ከልቤ ነው። የትኛው ሬዲዮ ነበር?

ቧንቧ ውሃ፦ እሱን አልናገርም። መለቀቁን እንዲያነቡልን ሄጄ ጠይቄ ነበር። ዜናው አርጅቷል አሉኝ።

ጠበቃው፦ መልስ የመስጠትና የማስተባበል መብት በአዋጁ አለ። ያኔውኑ በጽሑፍ ብትጠይቂ ይሻል ነበር።

ቧንቧ ውሃ፦ ማን ነገረኝ ጋሼ?

ጦሳ ስር፦ ሰኞ ገበያ፣ የማታውን ዜና የሚጽፈው ማነው?

ሰኞ ገበያ፦ እኔ አረቅቃለሁ፣ አርታኢው ያያል። «ተጠርጣሪ» ብዬ እጽፋለሁ። አርታኢው ቃሉን ቢሰርዘው ግን እኔን አትውቀሱኝ። ስለ ነጋዴዎቹ ያልኩትም አልተለወጠም።

ኮምቦልቻ፦ እኔም አልተለወጥኩም።

የሆጤዋ፦ ነገ ጠዋት 2:30 ጊዜ ቀጠሮ ችሎቱን ልከታተል እሄዳለሁ። የሚመጣ አለ? ባለፈው አንድ ፍርድ ቤት በር ላይ ዘበኛ «ተማሪ አይገባም» ብሎ መልሶናል።

ጠበቃው፦ ችሎት ለህዝብ ክፍት ነው። በዝግ የሚታየው ለግል ህይወት፣ ለሞራል ወይም ለአገር ደህንነት ሲባል ብቻ ነው። ስልካችሁን አጥፉ፣ ያለ ዳኛው ፈቃድ አትቅረጹ። ደብተርና እስክርቢቶ ይበቃችኋል። በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ።

ቧንቧ ውሃ፦ እኔም እመጣለሁ።